የወንድማማቾች ቅናትና የጸጸት መጥፋት



ከገነት ውጭ የተወለዱት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች ወንድማማቾች ነበሩ። ቅዱስ መጽሐፍ የሚተርክልን የመጀመሪያው ሞትም በበሽታ ወይም በእርጅና የመጣ ሳይሆን ወንድም በወንድሙ እጅ የሞተው ሞት ነው (ዘፍ. 4፥1-16)። ኦሪት ዘፍጥረት ከዚያ ወዲያ የእስማኤልንና የይስሐቅን፣ የዔሳውንና የያዕቆብን፣ የልያንና የራሔልን፣ በመጨረሻም የዮሴፍንና የወንድሞቹን ነገር ያወሳል። የወንድማማቾች ታሪክ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የወንድሙን ደም ባፈሰሰ ሰው ተጀምሮ፣ ለበደሉት ወንድሞቹ ባለቀሰ ሰው ይፈጸማል። ስለዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚነሣው ጠብ በእግዚአብሔር ፊት ተራ የቤት ጉዳይ አለመሆኑን እንረዳለን።

በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን እንመለከታለን። አንደኛው ቅናት በወንድማማቾች መካከል እንዴት እንደሚያድግ ነው። ሁለተኛውና ይልቁንም የሚያስፈራው፣ ሰው ወንድሙን ከበደለ በኋላ ልቡ ሳይነካ፣ እንቅልፍ ሳያጣ፣ ሳይጸጸት መኖር የሚችልበት ምክንያት ነው።

፩. ቅናትና ምቀኝነት

በቋንቋችን «ቅናት» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። ለእግዚአብሔር ቤት የሚቀና አለ፤ የባልንጀራውን ደግ ሥራ አይቶ «እኔም እንዲሁ ባደረግሁ» ብሎ የሚተጋ አለ። ይህ መንፈሳዊ ቅናት ነው። ኃጢአት የሚሆነው በሌላው መልካም ነገር ማዘን፣ ያም መልካም ነገር ከእርሱ እንዲወሰድ መመኘት ነው፤ ይህንንም ምቀኝነት እንለዋለን። ቤተ ክርስቲያን ምቀኝነትን ከሰባቱ ዋና ዋና ኃጢአቶች አንዱ አድርጋ የምትቆጥረው ሌሎች ኃጢአቶችን ስለሚወልድ ነው። ታላቁ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ከእርሱ የሚወለዱትን ሲዘረዝር ጥላቻን፣ ሐሜትን፣ የሐሰት ክስን፣ በባልንጀራ መከራ መደሰትንና በባልንጀራ ደስታ ማዘንን ጠቅሷል። መጽሐፈ ጥበብም ሞት ወደ ዓለም የገባው በዲያብሎስ ቅናት እንደሆነ ያስተምራል (ጥበ. 2፥24)።

ምቀኝነት የሚበረታው በሩቅ ሰው ላይ ሳይሆን በቅርብ ሰው ላይ ነው። ገበሬ በንጉሥ ሀብት አይቃጠልም፤ አብሮት ባደገው፣ ከአንድ ገበታ በበላው፣ የአንድ አባት ልጅ በሆነው ላይ ግን ይቃጠላል። «እኔና እርሱ እኩል ነን» የሚለው አሳብ በልቡ ስላለ፣ ወንድሙ አንዲት እርምጃ ሲቀድመው የተዘረፈ ይመስለዋል።

፪. ቃየን፦ ከተጠየቀ በኋላም ያልተመለሰ ልብ

ቃየን ገበሬ፣ አቤል እረኛ ነበር። ሁለቱም መሥዋዕት አቀረቡ፤ የአቤል ተቀባይነት አገኘ። የቃየን ፊት ጠቆረ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፤ እግዚአብሔር ቃየንን ያነጋገረው ወንድሙን ከመግደሉ በፊት ነው። ስለ ምን እንደ ተቆጣ ጠየቀው፣ መልካም ቢያደርግ ፊቱ እንደሚበራ ነገረው፣ ኃጢአት በደጁ እንደ አውሬ እንደምታደባ አስጠነቀቀው፣ ሊያሸንፋትም እንደሚገባው አመለከተው። እንግዲህ ቃየን ሳያውቅ የወደቀ ሰው አልነበረም። ምክር ቀርቦለት ነበር፤ መልስ ግን አልሰጠም። ከእግዚአብሔር ጋር መነጋገር ሲገባው ወንድሙን ወደ ሜዳ ጠራው።

ከገደለው በኋላ ሁለተኛ ጥያቄ መጣ፤ ወንድሙ የት እንዳለ ተጠየቀ። እግዚአብሔር የጠየቀው ስለማያውቅ አይደለም፤ የንስሐ በር ሊከፍትለት ነው እንጂ። ቃየን ግን አላውቅም ብሎ ዋሸ፣ የወንድሙ ጠባቂ መሆኑንም ክዶ ጥያቄውን ወደ ጠያቂው መለሰ። ጸጸት ያጣ ልብ ከዚህ ይታወቃል፤ አንደኛ ይክዳል፣ ሁለተኛ «ምን ያገባኛል» ይላል።

ፍርዱን ከሰማ በኋላ ቃየን የተናገረውን ቃል አንዳንዶች ንስሐ ነው ይላሉ፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የኃጢአቱን ክብደት የገለጸ ይመስላልና። በዕብራይስጡ ግን ያ ቃል ኃጢአትንም የኃጢአትንም ቅጣት ያመለክታል። ከእርሱ ቀጥሎ የዘረዘረውን ብንመለከት ሁሉም ስለ ራሱ ነው፤ ከምድር መባረሩ፣ ከእግዚአብሔር ፊት መሰወሩ፣ የሚያገኘው ሁሉ እንዳይገድለው መፍራቱ። ስለ አቤል አንዲት ቃል የለችም፤ ስለ እናቱና ስለ አባቱ ኀዘንም የለችም። ሰው በደረሰበት ቅጣት ሲያለቅስ የተጸጸተ ሊመስለን ይችላል። ለራስ ማዘን ግን ጸጸት አይደለም። እንዲህም ሆኖ እግዚአብሔር ማንም እንዳይገድለው ምልክት አደረገለት፤ ላልተጸጸተው ሰው እንኳ የእግዚአብሔር ምሕረት ጊዜ ሰጠው።

፫. በጉድጓዱ አጠገብ የተበላው እንጀራ

የዮሴፍን ታሪክ ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ጥፋቱ ከልጆቹ ብቻ አልተጀመረም። ያዕቆብ ዮሴፍን ከሁሉ አስበልጦ መውደዱን በቀሚስ ለብሶ እንዲታይ አደረገው (ዘፍ. 37፥3-4)። እርሱ ራሱም አባቱ ዔሳውን፣ እናቱ ደግሞ እርሱን በሚወዱበት ቤት ያደገ ሰው ነበር (ዘፍ. 25፥28)። ወላጆች በልጆቻቸው መካከል የሚያደርጉት አድልዎ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወረስ ዕዳ ነው።

ወንድሞቹ ዮሴፍን ቀሚሱን ገፍፈው ወደ ደረቅ ጉድጓድ ጣሉት። ከዚያም መጽሐፉ እንደ ቀላል ነገር አድርጎ የሚያስፈራውን ይነግረናል፤ እንጀራ ሊበሉ ተቀመጡ (ዘፍ. 37፥25)። ጉድጓዱ ቅርብ ነው፤ በውስጡ 17 ዓመት የሆነው ወንድማቸው አለ፤ እነርሱ ግን ይበላሉ። ቀጥሎ በ20 ብር ሸጡት፣ ቀሚሱን በፍየል ደም ነከሩት፣ ለአባታቸውም ላኩ። አባታቸው ባለቀሰ ጊዜ ደግሞ ሊያጽናኑት ተነሡ (ዘፍ. 37፥35)። ያለቀሰበትን ነገር ያደረጉት እነርሱ ሆነው ሳለ አጽናኞች ሆኑ።

የጸጸት መጥፋት በአንድ ቀን የሚመጣ አይደለም። መጀመሪያ ወንድምን በስሙ መጥራት ይቀራል፤ እነርሱም ዮሴፍን በርቀት ሲያዩት በስሙ አልጠሩትም፣ «ሕልም አላሚው» ብለው ተዘባበቱበት እንጂ። ከዚያ ለክፋት ምክንያት ይገኛል፤ ቀጥሎ ጥቅም ይገባበታል፤ በመጨረሻ ውሸቱ የቤቱ ሥርዓት ይሆናል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1946 ባስተላለፉት የሬዲዮ መልእክት የዘመኑ ትልቁ ኃጢአት የኃጢአት ስሜት መጥፋቱ እንደሆነ አመልክተው ነበር። ያ አሳብ ስለ ዓለም ሲነገር ሩቅ ይመስላል፤ ነገር ግን የኃጢአት ስሜት መጀመሪያ የሚጠፋው በእያንዳንዱ ቤት ገበታ ላይ ነው።

፬. በእኛ ምድር

የተወደዳችሁ፣ ይህን ወደ ራሳችን እናምጣው። በሀዲያና በከምባታ መሬት ጠባብ፣ ሕዝብ ብዙ ነው። እንሰት ከተተከለ በኋላ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይወስዳል፤ ስለዚህ አባት የተከለውን የሚፍቁትና የሚበሉት ልጆቹ ናቸው። አባት ሲያርፍ ያች ጥቂት ይዞታ ለብዙዎች ትከፈላለች። ከቀብር የተመለሱ ወንድማማቾች የኀዘኑ ቀን ሳያልፍ በወሰን ድንጋይ ሲጣሉ፣ አንዱ የሌላውን ችካል በሌሊት ሲነቅል፣ እኅቶች ደግሞ «ባል አግብታ ሄዳለች» ተብለው ከነጭራሹ ሲረሱ እናያለን። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ሴቶች ከወንዶች ጋር እኩል የመውረስ መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ ኦሪትም አስቀድሞ የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች ርስት እንዲሰጣቸው አዟል (ዘኍ. 27፥1-11)። ጌታችንን አንድ ሰው ወንድሙ ርስት እንዲያካፍለው ያዝለት ዘንድ በለመነው ጊዜ፣ ጌታ ፍርድ ከመስጠት ይልቅ ከመጎምጀት እንዲጠበቁ አስጠነቀቀ (ሉቃ. 12፥13-15)። የፍርድ ቤት ውሳኔ መሬቱን ያካፍል ይሆናል፤ ልብን ግን አያስታርቅም።

ሁለተኛው ነገር ስደት ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ከሆሳዕናና ከዱራሜ፣ ከገጠር ቀበሌዎችም ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። ለጉዞው ገንዘብ በሬ ተሸጧል፣ መሬት ተይዟል፣ ዘመድ ተበድሯል። ብዙ ጊዜ ሁሉን መላክ ስለማይቻል አንዱ ይመረጣል፤ ሌላው ከሽማግሌዎች ወላጆች ጋር ይቀራል። የሄደው ሲሳካለት በከተማ ቤት ይሠራል፤ የቀረው ደግሞ ወላጆችን እየጦረ፣ እንሰቱን እየኮተኮተ፣ «የእኔ ድርሻ የት አለ?» ይላል። የሄደው በበኩሉ «በላቤ ያገኘሁትን አጠፉብኝ» ይላል። ለሁለቱም እውነት የሆነ ነገር አላቸው፤ ሁለቱም ግን ከወንድማቸው ይልቅ ሒሳቡን ያያሉ።

ከዚህ የከፋም አለ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ አውራጃ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ የታመነ 64 ሰዎች በጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኙ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በዛምቢያ ሉሳካ አጠገብ የሀገሩ ፖሊስ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ያመነባቸው የ27 ሰዎች አስከሬን በመንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ዮሴፍን ለነጋዴዎች የሸጡት ወንድሞቹ ነበሩ፤ ዛሬም ወጣቱን በዚያ መንገድ የሚሰድደው ደላላ አንዳንድ ጊዜ የአንድ አካባቢ ሰው፣ የአንድ ቋንቋ ተናጋሪ፣ ምናልባትም በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ነው። ገንዘቡን ተቀብሎ እንጀራውን ይበላል። ቃየን የተጠየቀው ጥያቄ ዛሬም ይጠየቃል። የአገናኙን ብቻ ሳይሆን «እነ እገሌ ልጃቸውን ልከው ቤት ሠሩ» እያልን ወጣቱን በቅናት የምንገፋውን የሁላችንንም መልስ ይጠብቃል።

፭. ጸጸት እንዴት ይመለሳል?

የዮሴፍ ታሪክ ተስፋ የሚሰጠን እዚህ ላይ ነው። ዮሴፍ በ30 ዓመቱ በፈርዖን ፊት ቆመ፤ ሰባቱም የጥጋብ ዓመታት አለፉ። እንግዲህ ወንድሞቹ እህል ፍለጋ ወደ ግብፅ በወረዱ ጊዜ ከተሸጠ ሃያ ዓመት ያህል አልፎ ነበር። ይህን ያህል ዘመን ዝም ያለው ኅሊና በዚያ በጭንቅ ቀን ተናገረ። ወንድማቸው በጉድጓድ ሆኖ ሲለምናቸው ጭንቀቱን አይተው አለመስማታቸውን እርስ በርሳቸው ተናዘዙ (ዘፍ. 42፥21)። ልብ በሉ፤ ምዕራፍ 37 ዮሴፍ እንደ ለመናቸው አይነግረንም። ያን ልመና የምናውቀው ከወንድሞቹ ትዝታ ብቻ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ድምፁ በጆሮአቸው ነበረ ማለት ነው። ስለዚህ «እገሌ ምንም አይጸጸትም» ብለን ተስፋ አንቁረጥ፤ ድምፁ ተቀብሮ እንጂ ጠፍቶ አይደለም።

ዮሴፍ ግን ወዲያው ራሱን አልገለጠም፣ ወዲያውም አልተበቀለም። ከማዕዱ ለብንያም ከሌሎቹ አምስት እጥፍ አደረገለት (ዘፍ. 43፥34)፤ አሁንም በተመረጠው ወንድማቸው ይቀኑ እንደሆነ ሊያይ ነው። ቀጥሎ ዋንጫውን በብንያም ዕቃ ውስጥ አስቀመጠ፤ ትተውት ሊሄዱ የሚችሉበት ምቹ ጊዜ ነበረ። ያኔ ተነሥቶ የተናገረው ዮሴፍ እንዲሸጥ አስቀድሞ አሳብ ያቀረበው ይሁዳ ነው። በብንያም ፈንታ ባሪያ ሆኖ ሊቀር ራሱን አቀረበ፤ የአባቱን ኀዘን ለማየት እንደማይችልም ተናገረ (ዘፍ. 44፥33-34)። ወንድሙን የሸጠው ሰው ስለ ወንድሙ ራሱን ሰጠ። እውነተኛ ጸጸት ይህ ነው፤ ያው ፈተና በድጋሚ ሲመጣ ሌላ ሰው ሆኖ መገኘት።

በሀገራችንም የንጉሥ ላሊበላ ገድል እንደሚተርከው፣ ሕፃኑን በልደቱ ንቦች በከበቡት ጊዜ ለንግሥና እንደ ተመረጠ ታወቀ፤ ስለዚህም ወንድሙ ሐርቤ ቀናበት፣ እኅቱም መርዝ አጠጣችው። ይኸው ገድል በመጨረሻ ሐርቤ በእግዚአብሔር ትእዛዝ ዙፋኑን ለወንድሙ እንደለቀቀ ይናገራል። አባቶቻችን ይህን ታሪክ ያቆዩልን፣ የቅናት ፍጻሜ ሁልጊዜ ደም እንዳልሆነ እንድናውቅ ነው።

ንስሐ የሚለው ቃል ራሱ በግእዝ መጸጸትን ያመለክታል። ቤተ ክርስቲያን እንደምታስተምረው ጸጸት ማለት ነፍስ በሠራችው ኃጢአት ማዘኗ፣ ኃጢአቱን መጥላቷና ዳግመኛ ላለመሥራት መቁረጧ ነው። ቅጣትን ፈርቶ የሚመጣ ጸጸት አለ፤ ፍጹም ባይሆንም የእግዚአብሔር ስጦታ ነውና በምሥጢረ ንስሐ ይቅርታን ለመቀበል ያዘጋጃል። እግዚአብሔርን ከመውደድ የሚመነጨው ግን ፍጹም ጸጸት ይባላል። ይሁዳ አስቆሮታዊም ጴጥሮስም አዝነው ነበር፤ ይሁዳ ብቻውን ሄደ፣ ጴጥሮስ ግን ጌታ የተመለከተውን እይታ ተቀብሎ አለቀሰ። ልዩነታቸው ወደ ማን እንደ ዞሩ ነው።

ደግሞም ኑዛዜ ብቻውን የተነቀለውን ችካል ወደ ቦታው አይመልስም። ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ (ሉቃ. 19፥8)። የወንድሙን መሬት የያዘ መልሶ፣ በሐሰት የከሰሰ ክሱን አንሥቶ፣ ያማ በተናገረበት ሰው ፊት እውነቱን ተናግሮ ንስሐውን ይፈጽም።

፮. በሜዳ የቀረው ታላቅ ወንድም

ስለ ጠፋው ልጅ በተነገረው ምሳሌ ታናሹ ተጸጽቶ ተመለሰ። ታላቁ ግን የዘፈንና የደስታ ድምፅ ሰምቶ ወደ ቤት አልገባም። ለአባቱ ስንት ዓመት እንዳገለገለ ቆጠረ፤ ታናሹንም ወንድሜ አላለውም፣ የአባቱ ልጅ ብሎ ጠራው እንጂ። አባቱም በመልሱ ወንድሙ መሆኑን አስታወሰው (ሉቃ. 15፥25-32)። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ዕርቅና ንስሐ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ሰው ሁሉ የጠፋውን ልጅ ብቻ ሳይሆን ይህን ታላቅ ወንድምም እንደሚመስል አስተምረዋል። ይህ ቃል በተለይ በቤተ ክርስቲያን ላደግነው፣ ለምናስተምረውና ለምናገለግለው ነው። «አንድም በደል የለብኝም» የሚል ሰው ጸጸት የሚገባበት በር የለውም። ምሳሌው ታላቁ ወንድም ገባ ወይም ቀረ አይልም፤ መጨረሻውን ለእኛ ተወልን።

፯. በመስቀል በዓል ዋዜማ

በአካባቢያችን መልካም ልማድ አለ። የመስቀል በዓል ሲደርስ፣ ሀዲያው ያሆዴን፣ ከምባታው መሳላን ሲያከብር፣ ከሩቅ ያለ ሁሉ ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል፤ የተጣላም ከበዓሉ በፊት እንዲታረቅ ሽማግሌዎች ይደክማሉ። በአማርኛ «ሤራ» ማለት የክፋት ምክር ነው፤ የዮሴፍ ወንድሞች በሜዳ ያደረጉት እርሱን ነበር። በእናት ቋንቋችን ግን «ሴራ» ማለት ሕዝብ የሚተዳደርበት፣ ሙታኑን የሚቀብርበት፣ የተጣላውን የሚያስታርቅበት ሕግና ሥርዓት ነው። በእያንዳንዱ ቤት ከሁለቱ አንዱ ይሠራል። ጌታችን ወንድሙ ያዘነበት ሰው መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አዟል (ማቴ. 5፥23-24)። እንግዲህ የአያቶቻችን ሥርዓትና የወንጌሉ ትእዛዝ በዚህ ተገናኝተዋል፤ ክርስቲያን የሆንነው ከእነርሱ አንሰን እንዳንገኝ እንጠንቀቅ።

ወላጆች ሆይ፣ አንዱን ልጅ በሌላው ፊት አታወዳድሩ፤ በሕይወት ሳላችሁ ወንዱንም ሴቷንም ሰብስባችሁ ስለ ውርሱ በግልጽ ተናገሩ። ከሀገር ውጭ ያላችሁ፣ ከገንዘቡ ጋር የአክብሮት ቃል ላኩ፤ ወላጆችን የሚጦረው ወንድማችሁ የእናንተንም ሸክም ተሸክሟልና። በሀገር የቀራችሁ፣ የተላከውን በታማኝነት ያዙ፤ የወንድማችሁንም ስደትና ብቸኝነት አስቡ።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በየጸሎት ቤቱ ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

1. ቃየን በቅጣቱ ያዘነው ኀዘንና የዮሴፍ ወንድሞች በግብፅ የተሰማቸው ኀዘን በምን ይለያያሉ?
2. በቤታችን በስሙ የማንጠራው ወንድም ወይም እኅት አለን? ስለ ምን?
3. ወንድሜ ወይም እኅቴ ሲከናወንላቸው በልቤ የሚሰማኝ ምንድን ነው?
4. ከኑዛዜ በፊት ወይም በኋላ ልመልሰው የሚገባኝ የሌላ ሰው ነገር አለ?

የተወደዳችሁ፣ ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ከተማችን የምትጠራው በሆሳዕና በዓል ስም ነው። በዚያ ቀን ሕዝቡ ጌታን በዘንባባ ተቀበለው፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ግን ለሞት አሳልፈው የሰጡት ከቅናት የተነሣ መሆኑን ጲላጦስ እንኳ አውቆ ነበር (ማቴ. 27፥18)። የአቤል ደም ከምድር ወደ እግዚአብሔር ጮኾ ፍርድን ጠየቀ፤ በመስቀል ላይ የፈሰሰው የታላቅ ወንድማችን የኢየሱስ ክርስቶስ ደም ግን ከአቤል ደም የተሻለውን ይናገራል (ዕብ. 12፥24)፤ እርሱም ይቅርታ ነው።

የዮሴፍን ወንድሞች ልብ ያነቃ አምላክ የእኛንም ልብ ያንቃ፤ የተጣሉትን ያስታርቅ፣ በባዕድ ሀገር ያሉትን ይጠብቅ፣ በመንገድ የቀሩትን ነፍስ ያሳርፍ፣ ቤተሰቦቻቸውን ያጽናና። አሜን።